አራት ነጥብ ሁለት ዲግሪ

ባለፈው ወር ቢሮ ውስጥ አንዲት ልጅ አስለቅሻለሁ። ሕይወት ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ከቡድናችን ፈጣኗ እሷ ናት። የጻፈችውን ኮድ እንድመለከትላት ሰጥታኝ ሻዬን ፉት እያልኩ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ ተተከለ። ዕቃው መልስ ካልሰጠ፣ ይላል ኮዱ፣ ቀድሞ የተነበበውን ቁጥር መልስና ሥራህን ቀጥል። ከጎኑ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ አስቀምጣለች። በሰው ፊት ጮኽኩባት። ምን ምን እንዳልኩ ሙሉውን አላስታውስም፤ «ነፍሰ ገዳይ» የሚል ቃል ከአፌ መውጣቱን ግን ባልደረቦቼ ኋላ ነግረውኛል። ሦስት መስመር ለጻፈች ልጅ ይህ ቃል አይገባትም። የሚገባው ለእኔ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ልናገር።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ መሐል ሜዳ ተመደብኩ። አንድ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ስለገባለት ባለሙያ ያስፈልገዋል ተብሎ ነው። ከደብረ ብርሃን የተነሳው አውቶብስ ጣርማ በርን አልፎ በዚያ ፒስታ መንገድ ሲያንገጫግጨን ውሎ አመሻሽ ላይ አራገፈን። የለበስኩት ስስ ጃኬት ነበር። የመንዝን ብርድ ሰው ሲነግረኝ ማጋነን ይመስለኝ ነበር፤ ስወርድ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። በማግስቱ የክትባት ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አሰለፈች አዩኝና ቤታቸው ደርሰው ተመለሱ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ዝተትና አንድ ኩባያ በሶ ይዘው ነበር። «ይኼን ደርብ፣ ያንን ጠጣ፤ እዚህ አገር በባዶ ሆድ አይበረድም» አሉኝ። ዝተቱ ይኮሰኩሳል፣ የበግ የበግ ይሸታል፤ እንደዚያ ያሞቀኝ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ሲስተር አሰለፈች በዚያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ጠዋት ሲገቡና ማታ ሲወጡ የክትባት ማቀዝቀዣውን ከፍተው ቴርሞሜትሩን ያዩና በሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ቁጥሩን ይጽፋሉ። እሑድም፣ ለጥምቀትም፣ እናታቸው በሞቱበት ቀን እንኳ ጽፈዋል። ክትባት ሲሞቅም፣ በቅዝቃዜ ሲረጋም ይበላሻል፤ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። በመንዝ የሚያስፈራው ሙቀቱ ሳይሆን ውርጩ ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ እሳቸው ነገሩኝ፤ ሰማሁና ረሳሁት።

እኔን የማረከኝ በእርዳታ የመጣ አንድ ትንሽ ሳጥን ነበር። በሽቦ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚገባ ሙቀት ለኪ አለው፤ የለካውን ኮምፒዩተሩ ላይ ያሳያል። አብሮት የመጣው ድራይቨር ከእኛ ኮምፒዩተር ጋር አልሠራ አለ። ድራይቨር ማለት በኮምፒዩተሩና በዕቃው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ራሴ እጽፈዋለሁ ብዬ ፎከርኩ፤ በሁለት ወር ጻፍኩት። የሙያው ሕግ ቀላል ነው። ንባቡ ከተሳካ ዜሮ ትመልሳለህ፤ ዜሮ ማለት ደህና ነው ማለት ነው። ካልተሳካ ምን እንደገጠመህ የሚናገር የስህተት ቁጥር ትመልሳለህ፤ ሽቦው ተነቅሏል ወይም ዕቃው ዝም ብሏል ማለት ነው። ከላይ ያለው ፕሮግራም ያንን ሲቀበል ቀይ አብርቶ ይጮኻል። የእኔም በመጀመሪያ እንዲህ ነበር። እንዲያውም ጎበዝ ነበር።

ችግሩ መጮሁ በዛ። ሽቦው መሰኪያው ላይ ላላ ያለ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በውርጩ ሲኮማተር ይለቅና ስክሪኑ ይቀላል። ከመላው ጤና ጣቢያ ይህን የጠላው ኃላፊው አቶ ግዛው ነበር። ከእኔ ቢበልጥ አምስት ዓመት ነው፤ በስብሰባ ያደገ ሰው ነው፤ ስለዚህ አንቱ ማለት አልሆነልኝም።

«ሐሙስ ከዞን ይመጣሉ» አለኝ። «ይሄን ቀይ ነገር አጥፋልኝ።»

«ሽቦው መቀየር አለበት። የሚመጣው ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው።»

«ስለ ሽቦ አልጠየቅሁህም። ቀዩን ነው ያልኩህ።»

አንድ መስመር ጻፍኩ። ዕቃው ስህተት ቢል ስህተቱን ዋጠው፤ መጨረሻ የተነበበውን ቁጥር ስጥና ዜሮ መልስ፤ ደህና ነው በል። ከጎኑ «ለጊዜው» ብዬ ጻፍኩበት። ሐሙስ እንግዶቹ ስክሪኑን አይተው አጨበጨቡ፤ ግቢው ውስጥ በግ ታረደ፤ ጥብሱን እየበላን ስሜ ሁለት ጊዜ በምስጋና ተነሳ። ያቺን መስመር በዚያው ረሳኋት። አቶ ግዛው ደግሞ በሞቅታው ውስጥ ሆኖ «ሁለት መለኪያ ምን ያደርግልናል?» አለና የሲስተርን ቴርሞሜትር ግሼ ላለ ክሊኒክ አስላከው። የበሩ ወረቀትም ተነሳ።

«ዓይኔን አወጣችሁት» አሉ ሲስተር። ሁላችንም ሳቅን።

ታህሳስ ላይ የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ ተጣበቀ። ሌሊት ያለማቋረጥ ያቀዘቅዛል፤ ቀን መብራት ሲጠፋ ውስጡ ያለው መልሶ ይቀልጣል። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። በዚያ ወር የክትባት ቀን ሠላሳ ያህል ነፍሰ ጡሮች ለመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ግቢውን ሞልተውታል። ሲስተር አንዱን ብልቃጥ አንስተው ነቀነቁና ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። ደህናው ክትባት ደፍርሶ ይቆያል። ይህኛው ወዲያው እንደ ጠላ አተላ ከታች ዘቀጠ። ሌላ አነሱ፤ ያው ነው። ወጡና «ልጆቼ፣ ዛሬ መርፌ የለም፤ ተመለሱ» አሏቸው።

ከተመለሱት አንዷ ደብሪቱ ነበረች። ቀየት ከሚባለው አገር በኩል በሌሊት ተነስታ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ በእግሯ የመጣች ናት። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ይህ ሦስተኛዋ ነው። እያለቀሰች አቶ ግዛው ቢሮ ገባች።

ግምገማው ሰኞ እንዲሆን ተወሰነ። ያንን ዘመን ያየ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ላላየው፣ ሠራተኛው በአዳራሽ ተሰብስቦ አንድ ሰው መሐል ያቆምና በየተራ ድክመቱን እየቆጠረ ያራቁተዋል። በመጨረሻ ተገምጋሚው ራሱን እንዲከስ ይጠየቃል፤ ግለ ሂስ ይባላል። ጠዋት አቶ ግዛው ያለፈውን ሃያ ቀን የሙቀት መዝገብ አትመህ አምጣ አለኝ። ከፈትኩት። አራት ነጥብ ሁለት፣ አራት ነጥብ ሁለት፣ አራት ነጥብ ሁለት፤ ከላይ እስከ ታች ሌላ ቁጥር የለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር እንኳ ወጣ ገባ የሚል ነገር ሃያ ቀን ሙሉ አይቆምም። ሄጄ ሳጥኑን አየሁት። ሽቦው ከመሰኪያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሽቦውን ሰክቼ፣ ወረቀቱን ይዤ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው» ማለት ነበር የሚፈለገው። ግን ወደ አዲስ አበባ የምዛወርበት ማመልከቻ የአቶ ግዛው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቅ ነበር። መሐል ሜዳ ሰልችቶኝ ነበር፤ ብርዱ ሰልችቶኝ ነበር፤ ጎበዙ ልጅ መባሉን ደግሞ ወድጄዋለሁ። ቁጥሮቹን ትቼ ማጠቃለያውን አተምኩ። «ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ውስጥ ነበር፦ አዎ» የሚል አንድ መስመር ነው።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ ደብሪቱን አናገሯት። «እኚህ ሴትዮ መርፌውን ለዘመዶቻቸው ነው የሚደብቁት» አለች፤ ማን እንዳስጠናት እንጃ። ቀጥሎ አቶ ግዛው ተነሳ።

«ሲስተር አሰለፈች፣ ሠላሳ እናቶች ባዶ እጃቸውን መልሰዋል። ግለ ሂስ ያድርጉ።»

«ክትባቱ ረግቶ ቀልጧል። የረጋ ክትባት ውሃ ነው። እኔ እናት ውሃ አልወጋም።»

«በምን ለኩት?»

«ነቅንቄ አየሁት።»

አዳራሹ ሳቀ። ወረቀቴን አነበበላቸው፤ ሳቁ ባሰ። አንዱ ጸረ-ልማት አላቸው፤ ሌላው አሮጌ አስተሳሰብ አለ፤ በሳቸው እጅ ተከትባ ያደገች ጽዳት ሠራተኛ እንኳ ተነስታ የሆነ ነገር ጨመረች። ሲስተር ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሠሪው አንተ ነህ። አንተ ንገራቸው። ዕቃው ይሳሳታል አይሳሳትም?»

«አይሳሳትም» አልኩ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ከሙያቸው ተነስተው ካርድ ክፍል እንዲቀመጡ ተወሰነ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለመርፌ የሚሰለፉትን እናቶች ካርድ እየፈለጉ የሚሰጡት እሳቸው ሆኑ። ደብሪቱም ተመልሳ መጣች። ካርዷን ሲሰጧት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ መርፌ አይጠቅምሽም። እንደምንም ብለሽ ደብረ ብርሃን ሄደሽ ተወጊ» አሏት። በእኛ አገር ክፉውን አስቀድሞ ለሰው መናገር ማሟረት ነው፤ ያውም ለነፍሰ ጡር። ደብሪቱ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ጨብጣ «አያሟርቱብኝ!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ገብታ ተወጋች። ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር፤ አይቻታለሁ።

የካቲት ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። በሰባተኛው ቀን ጡት መያዝ አቃተው፤ በስምንተኛው አባቱ በጋቢ ታቅፎ አመጣው። የኮምፒዩተሩ ክፍልና የሕሙማኑ ክፍል ግድግዳ ይጋራሉ። የሕፃኑ መንጋጋ ገጥሞ ነበር፤ በር በተዘጋ ቁጥር፣ ሰው ባሳለ ቁጥር ያ ትንሽ ጀርባ ወደ ኋላ ይቆለመማል። ማልቀስ እንኳ አይችልም፤ ከጥርስ አልባ ድዱ መሐል የሚወጣ ሲቃ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ አለፈ። አርባ ቀኑ ሳይደርስ ስለሞተ ክርስትና አልተነሳም፤ ፍትሐትም አልተደረገለትም። ደብሪቱ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆማ «አሟርተው ገደሉብኝ!» ስትል ሲስተር መዝገቡ ላይ አጎንብሰው ነበር።

በማግስቱ ሽቦውን ሰካሁ፤ መስመሯን አጠፋሁ፤ ስህተቱ እንደ ስህተት እንዲመለስ አደረግሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪኑ ከዜሮ በታች ሦስት አለ። አቶ ግዛውን ጠራሁት። አየውና በሩን ዘጋው።

«ማን አይቷል?»

«እኛ ብቻ።»

ብልቃጦቹ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተቀበሩ። «ሲስተርስ?» አልኩት። «ምን ሆነች? ደመወዟን ትበላለች» አለኝ። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤዬ ተፈርሞ መጣ። ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

ሕይወትን ካስለቀስኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ወደ መሐል ሜዳ ወጣሁ። ሲስተር አሰለፈች በሕይወት አሉ። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። «አንተ ነህ? ወፍረሃል» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ዓይናቸው አልረጠበም።

«ያን ቀን አውቄዋለሁ» አሉ። «ወረቀቱን ስታቀብል ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ተናግሬ ነበር እኮ። የሰማኝ የለም እንጂ።» ነጠላቸውን እግራቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ይቅርታ ልትለኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ሰምቼሃለሁ። ደብሪቱ ግን ከዚያ ወዲህ ልጅ አልወለደችም። ገበያ ላይ ስታገኘኝ እስከ ዛሬ ትተፋብኛለች። ሰውም አብሯት ይሸሸኛል። ሕፃን ያለበት ቤት ጠበል ጠዲቅ እንኳ አልጠራም። ሂድና ለእሷ ንገራት። እኔ ያንን ሰምቼ ልሙት።»

«እሄዳለሁ» አልኳቸው፤ ጉልበታቸውን ይዤ።

ጠዋት መነሐሪያ ገባሁ። ሁለት መኪና ቆሟል። አንዱ ለቀየት አንድ ሰው ጎድሎት ረዳቱ ይጣራል፤ ሌላው የደብረ ብርሃኑ ነው፤ ሞተሩ ተነስቷል። ደብሪቱ ምን እንደምትለኝ አሰብኩ። ባሏን፣ ወንድሞቿን አሰብኩ። ሰኞ ስብሰባ እንዳለብኝም አሰብኩ። ሌላ ጊዜ፣ አልኩ በሆዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ፤ ከዚያ የደብረ ብርሃኑ ላይ ወጣሁ።

ሲስተር በጎረቤታቸው ስልክ ሁለት ጊዜ አስደውለዋል፤ አላነሳሁም። በምትኩ ይህን ጻፍኩ። ምንም አልደበቅሁም፤ የደብሪቱን ስም እንኳ ሳልቀይር አስቀምጫለሁ። ደብሪቱ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ሁሉ እንዲህ ዘርዝሬ ለመጻፍ የደፈርኩትም ስለዚህ ነው።