ፕሮጀክቴን ያቀፈችው ዶሮ

ይህ የሆነው አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ደብረ ታቦር ላይ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት መጥፋቱን አይረሳም።

የማይክሮፕሮሰሰር ፕሮግራሚንግ እማር ነበር። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ እንቁላል የሚፈለፍል ሳጥን ነው። ካርቶን ውስጥ አምፖልና ሙቀት መለኪያ ገጥሜ ከአንዲት ትንሽ ቦርድ ጋር አገናኘሁ። ሲቀዘቅዝ አምፖሉን አብሪ፣ ሲሞቅ አጥፊ ብዬ ፕሮግራም ጻፍኩላት። መጀመሪያ ላይ የ«ይበልጣል» እና የ«ያንሳል» ምልክቱን ገልብጬ ጽፌው ኖሮ፣ ሲሞቅ እያበራች እንቁላሎቹን አበሰለቻቸው።

አከራዬ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ባለች ትንሽ ሱቃቸው ጨውና በርበሬ ይሸጣሉ። ይህን ጉድ አይተው «ይኸን ሁሉ ዓመት የተማርሽው እንቁላል መቀቀል ነው እንዴ?» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ።

ፕሮግራሙን አረምኩ። እናቴም ከትውልድ መንደሬ ከጋሳይ ሌላ እንቁላል በጭድ አድርጋ ላከችልኝ። ይኸኛው ቢበላሽ እንደገና የምጀምርበት ጊዜ የለኝም፤ ምረቃዬም ይቀራል።

ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደና መብራቱ ድርግም አለ። ቦርዷ በባትሪ ስለምትሠራ አልጠፋችም። አምፖሉን «ብራ» እያለች ታዛለች፤ የሚታዘዛት ግን የለም። የሙቀቱ ቁጥር ሲወርድ እያየሁ ጋቢዬን ደርቤ ሳጥኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ። የደብረ ታቦር ብርድ ግን በጋቢ የሚመለስ አይደለም። አለቀስኩ።

እትዬ ዘይነባ ልቅሶዬን ሰምተው ገቡ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ዶሮዬ ታቅፋለች። እሷ እንደሁ መብራት አትጠብቅም» አሉና እንቁላሎቹን በሻሻቸው ይዘው ወጡ።

ጫጩቶቹ ዶሮዋ ሥር ተፈለፈሉ። ፕሮጀክቱን ሳቀርብ መምህሩ «መብራት ሲጠፋ ሙቀቱን ምን ተቆጣጠረው?» አሉኝ። «ዶሮ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም አለፍኩ።

ለእትዬ ዘይነባ ለመንገር ስሮጥ ሱቃቸው ጥግ፣ ሰፌድ ላይ የተቀመጡ እንቁላሎች አየሁ።

«እነዚህ የምንድን ናቸው?»

«የዶሮዋ ነበሩ» አሉ ቀለል አድርገው። «ሁሉንም ማቀፍ አይሆንላትም። የኔዎቹ ገና መታቀፋቸው ነበር፤ ያንቺዎቹ ግን ሊጮሁ ደርሰው ነበር።»

አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ።

አሁን ሳጥኑ መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ትልቅ ባትሪ ገጥሜለታለሁ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ያስገባሁት የእትዬ ዘይነባን አዲስ እንቁላሎች ነው፤ ሁሉም ባይሆኑም አብዛኞቹ ተፈለፈሉ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ለጎረቤቱ ሁሉ አሳዩ። ዶሮዋን ግን ስንት ገዢ ቢመጣም አይሸጧትም።

«እንዴት ትሸጣለች? የልጄ ባትሪ ቢያልቅስ?» ይላሉ።