ከቹንቢ ድምፅ የማይሸሽ ውሻ

ቹንቢ በዶንጋንግ ወደብ የዓሣ ገበያ ዕድሜዋን ሙሉ ጨረታ ስትጠራ የኖረች ሴት ናት። ቱናው ሲሚንቶው ላይ ተደርድሮ፣ ነጋዴው ዙሪያውን ከቦ፣ የጀልባ ሞተርና የበረዶ መፍጫ እያጓራ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በላይ ዋጋ መጥራት ነበር ሥራዋ። ጡረታ ስትወጣ ጉልበቷን ገበያው አስቀረው፤ ድምፅዋን ግን ይዛው ቤቷ ገባች።

ያ ድምፅ ለመኖሪያ ቤት የተሠራ አልነበረም። "ሩዝ በላችሁ?" ብላ ሰላም ስትል ጠብ የጀመረች ይመስላል። ስልክ ስትደውል ሰው ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያዳምጣታል። ባሏ አሂን በሕይወት ሳለ ለነገሩ ደንታም አልነበረው፤ የጀልባ መካኒክ ነበርና ጩኸት ውስጥ ነው ያደገው። እሷ ስታወራ እሱ ዓሣውን ከእሾኹ እየለየ "እህ" ይላል፤ በዚያው ያልቃል። እሱ ከሞተ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ጋር መጨቃጨቅ ጀመረች። የዜና አንባቢዋን "አንገትሽን ቀና አድርጊ እንጂ!" ስትላት በደጇ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሳያውቀው አንገቱን ያቀናል።

የወንድሟ ልጅ ፔይሻን ከቤተ መቅደሱ ጎን ፀጉር ቤት አላት። ሥራ ስትጨርስ እራት ይዛላት ትሄዳለች። አንድ ቀን፣ ልጅሽ ዘንድ ካውሽዮንግ ከተማ ለምን አትገቢም ብላ ጠየቀቻት። ቹንቢ ፎቅ ላይ በሹክሹክታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር አንድ ሳምንት እንደማትቆይ ነገረቻት። ከዚያ የሾርባ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣

"የሚመልስልኝ ሰው አላጣሁም" አለች። "እያወራሁ ፊቴን የሚያየኝ ነው ያጣሁት። ውሻ ፈልጊልኝ።"

"ምን ዓይነት ውሻ፣ አኩ?" አለቻት ፔይሻን፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

"ፈሪ ያልሆነ።"

ፔይሻን ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። ፀጉር ቤት ያለው ሰው የማያገኘው ነገር የለምና በማግስቱ አንዲት ደንበኛዋ ጥጥ የመሰለች ትንሽ ነጭ ውሻ አቅፋ መጣችላት። ፔይሻን ወደ አክስቷ ይዛት ሄደች። ቹንቢ በሩን ከፍታ "ወይኔ፣ እንዴት ታምራለች!" አለች፤ ከልቧ ነበር ያለችው። ውሻዋ እዚያው ሸናችና ለሞቱ አያቶች ዕጣን የሚጨስበት መሠዊያ ሥር ገባች። ቋሊማ ቢያሳዩዋት፣ ቢለምኗት፣ በመጥረጊያ ቢነካኳት ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ፔይሻን አክስቷን ሽንኩርት ግዢ ብላ ከቦዩ ማዶ ስትሰዳት ነው ውሻዋ ብቅ ያለችው።

ሁለተኛው ከጎረቤት ወረዳ፣ ከሊንቢያን መጣ። ኮ የሚባል ዓሣ አርቢ ኩሬውን የሚያስጠብቀው ጥቁር ውሻ ነው፤ ሌባ ነክሶ በአገሩ ስም ያወጣ። ኮ ራሱ በጭነት መኪናው አምጥቶ ገመዱን ፈታለትና፣ ይህ ከመብረቅ በቀር የሚፈራው የለም ብሎ ፎከረ። ቹንቢ እንግዳ ተቀባይ ናትና ጎንበስ ብላ "በልተሃል?" አለችው። ውሻው በአጥሩ ላይ ሲዘል ጅራቱ ብቻ ነው የታየው። ሲፈልጉት ውለው ኮ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ሲመለስ፣ ውሻው ቀድሞት ደርሶ፣ ከአልጋው ሥር ተኝቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ኮ ፔይሻንን መንገድ ላይ ሲያያት ወደ ማዶ ይሻገራል።

ቹንቢ ለመሳቅ ሞክራ ነበር፤ ግን ነገሩ ሆዷ ገብቷል። ስለዚህ ሦስተኛዋን ቡናማ ውሻ ፔይሻን ስታመጣ፣ አኩ አንድም ቃል ሳትናገር በእጇ ዓሣ አጎረሰቻት። ከዚያ በሹክሹክታ ጠራቻት። ሹክሹክታዋ ጎረቤት ቢሰማም ለእሷ ሹክሹክታ ነው። ውሻዋ ወደደቻት፤ እግሯ ሥር ትተኛ ጀመር። ቹንቢ ግን ከቀን ወደ ቀን ከሳች። ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ ሐኪሙም ምን እየጮኽሽ ነው እንዲህ የሆንሽው አላት። ስልክ ማንሳት ተወች፤ ቴሌቪዥኑም ጠፍቶ ይውላል።

አንድ ማታ ፔይሻን ስትገባ አኩ የማብሰያውን ክዳን ድምፅ እንዳያሰማ በፎጣ ጠቅልላ ስትከድን አገኘቻት።

"ውሰጃት" አለች ቹንቢ። ዓይኗ ዕንባ አቅሯል። "ደግ ናት። ግን በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ እየተራመድኩ ነው።"

ቡናማዋን የፔይሻን ረዳት ወስዳ አሳደገቻት። ቹንቢም ከእንግዲህ ስለ ውሻ አታንሺብኝ ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ፔይሻን ግን እልኸኛ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት መበለት የተጣሉ ውሾች እንደምትሰበስብ ሰማችና ማንጎ ልንገዛ ነው ብላ አክስቷን በስኩተሯ አፈናጠጠቻት። ቹንቢ የመጡበትን ስታውቅ ከግቢው በር ላይ ሆና ፔይሻን ላይ የስድብ ናዳ አወረደችባት። ግቢው ተናወጠ። ያልጮኸ፣ ያልሸሸ፣ ጉድጓድ ያልቆፈረ ውሻ የለም። መሀል ላይ ግን አንድ ገብስማ ሽማግሌ ውሻ እግሮቹን ዘርግቶ ተኝቷል። ቹንቢ እየተሳደበች አጠገቡ ደረሰች። ጥላዋ ሲያርፍበት ዓይኑን ገለጠ፣ ቀና ብሎ ፊቷን አየ፣ ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ ጣል አደረገና ትክ ብሎ ማየቱን ቀጠለ።

ቹንቢ በመሀሉ ስድቧን ረሳችው። "ይኼ ሰውዬ ማነው?" አለች።

መበለቷ መንገድ ላይ እንደተገኘ፣ አመሉ ጥሩ እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ ስለ እሱ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ውሻው ስኩተሯ ላይ በሁለቱ ሴቶች መካከል ተጎልቶ ዶንጋንግ ገባ። አኩ ታውኬ አለችው፤ አለቃ ማለቷ ነው፤ አቀማመጡን አይታ።

ከዚያ በኋላ ያለው የደስታ ጊዜ ነው። ቹንቢ ከጠዋት እስከ ማታ ታወራለች፤ ታውኬ ፊቷን ያያል። በቱና ዋጋ ያጭበረበሯትን ነጋዴዎች፣ አሂን እንዴት እንዳገባት፣ ምራቷ ሩዝ እንዴት እንደምታበላሽ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። ጀግና ውሻ አገኘሁ ብላም ገበያ ድረስ ወስዳ አስጎበኘችው።

የቤተ መቅደሱ በዓል ሲደርስ ርችት በየደጁ ተዘረጋ። ሰልፉ በቹንቢ ደጅ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሲሸሽ፣ ታውኬ ደፉ ላይ ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቶ ነበር። ርችቱ ከጀርባው ተንጣጣ፤ ውሻው ጆሮውን እንኳን አላነቃነቀም። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡለት። ቹንቢ ግን ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሄደችና ከኋላው ቆማ በሙሉ ድምፅዋ ስሙን ጠራች። ከመንገዱ ማዶ ሕፃን አለቀሰ፤ ታውኬ እያንኮራፋ ነው።

"ደንቆሮ ነው" አለች።

ገብታ በሩን ዘጋች። ፔይሻን ተከትላት ስትገባ አኩ ወንበር ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። የሕይወት ታሪኳን በሙሉ ለግድግዳ እንዳወራች ቆጥራው ነበር። ፔይሻን አዘነችና ካልፈለግሽው ለመበለቷ እመልሰዋለሁ አለቻት። በዚህ መሀል ታውኬ ተነሥቶ፣ ገርበብ ብሎ የቀረውን በር በአፍንጫው ገፍቶ ገባ። መጥቶ አኩ ፊት ቁጭ አለ፤ ቀና ብሎም እንደ ልማዱ ያያት ጀመር።

ቹንቢ እጇን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈች።

"አሂን ሁሉን ይሰማ ነበር" አለች። "ግን አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ዓሣውን ነው የሚያየው። ይኼ አንድም አይሰማም፣ ግን ሲከፋኝ ከፊቴ ያውቃል። የትም አይሄድም።"

በማግስቱ ማስተማር ጀመረች። ጨረታ ላይ ነጋዴው ዋጋ የሚሰጠው በጣቱ ነው፤ እሷም የጣት ቋንቋ ከማንም በላይ ታውቃለች። መዳፍ ሲዘረጋ ቁም፣ ሁለት ጣት ወደ ታች ሲሆን ተቀመጥ፣ ጡጫ ወደ ደረት ሲሳብ ተሸጠ፣ ማለትም መጥተህ ምግብህን ብላ ነው። ታውኬ ለዕድሜው ፈጣን ነው፤ በተለይ "ተሸጠ" የምትለዋን ወዲያው ያዛት። እጇ ቢናገርም አፏ ግን አላረፈም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይሠራሉ።

ውሻው ቤቱን ከለመደ በኋላ አንድ ጠዋት አፉን ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ጮኾ አያውቅም ነበር። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ልኩን የሚነግረው የለም፤ የፔይሻን ፀጉር ቤት መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ወንበር ላይ የነበረችው ሴትዮም ፀጉሯ ቀለም እንደተቀባ ብድግ አለች። ጎረቤቶች መጥተው አቤት አሉ። ቹንቢ በየቤቱ እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች፤ ይቅርታውን ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሰማው፤ ያልደረሰችበት ቤትም ይቅር ብሏታል።

ልጇ ከካውሽዮንግ ስልክ ሲደውል ከጀርባ ያንን ጩኸት ሰምቶ ደነገጠ። "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትጮኺው?" ብሎ ጠየቃት።

"እኔ አይደለሁም" አለችው ቹንቢ፣ በኩራት። "ታውኬ ነው። ቀስ በል ብለውም አይሰማኝም።"