የሮድሱ ሦስት ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ ከኖርዝጌት መጥታ እኔንና የስድስት ዓመት ልጇን ሐይቅ ዳር ወሰደችን። ሲያትል ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ ውሃ ዳር ይሰፍራል፤ እኔም ባለቤቴ ዘለቀ ካረፈ ወዲህ እምቢ ማለት ስለሚያደክመኝ የወሰዱኝ ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ። ሊያ ልጇን ጉልበቷ መሃል አቁማ የፀሐይ ቅባት ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ስትለቀልቃት፣ ልጅቷም «ማሚ፣ ኢትስ ኮልድ!» እያለች ስትወራጭ፣ ነፋሱ ሽታውን ወደኔ አመጣው። ኮኮናት ኮኮናት የሚል፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ የሚያቅለሸልሽ ሽታ ነው። ለሌላው ሰው የእረፍት ሽታ ይሆናል፤ ለኔ የአንሶላ ሽታ ነው። ተጣጣፊው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሊያ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏት ኮፍያዋን ፊቴ ላይ ደፋችልኝ።

በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ለኛ ክረምት ለፈረንጆቹ በጋ በሆነው ወራት፣ ሮድስ በምትባል የግሪክ ደሴት፣ ፋሊራኪ በምትባል የባሕር ዳር መዝናኛ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። በሱዳን አድርጌ አቴንስ ደርሼ የአሜሪካ ወረቀት ከሚጠብቁት አበሾች አንዷ ነበርኩ፤ ሙቀቱ ሲመጣ ከመሃላችን ጉልበት ያለው ሁሉ ለሥራ ወደ ደሴቶቹ ይበተን ነበር። ከተማዋ ማለት ረጅም አሸዋ፣ ከአሸዋው ኋላ የተደረደሩ ነጫጭ ሆቴሎች፣ ከሆቴሎቹ ኋላ ደግሞ ድንጋይና የወይራ ዛፍ ናት። ጠዋት ከሰገነት ላይ ሲያዩት ባሕሩ ገና ማንም ያልነካው ይመስላል፤ ረፋዱ ላይ ከብርድ አገር የመጡት እንግዶች ዳር ዳሩን ተዘርግተው እንደ በርበሬ እስኪቀሉ ይተኛሉ፤ ሲመሻሽ ቅባታቸውንም አሸዋቸውንም ይዘው አልጋቸው ላይ ይገለበጣሉ። በማግስቱ አንሶላውን ስገፈው አሸዋው እግሬ ላይ እንደ ጤፍ ይረግፋል፤ የቅባቱ ሽታ ደግሞ እጄ ላይ ሰንብቶ ዳቦ ስበላ እንኳ ይሸተኛል።

ምድር ቤት ካለው የልብስ መተኮሻ ክፍል እትዬ ብርቄ ነበሩ፤ በሃያ ዓመት የሚበልጡኝ፣ ወፈር ያሉ፣ ሳቂታ የደብረ ብርሃን ሴት። ከግሪክኛ የሚያውቁት ሦስት ቃል ነው፤ የቀረውን በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጨርሱታል፤ አለቃችንም በምን ተአምር እንደሆነ አላውቅም ትረዳቸዋለች። ዘለቀን ያመጣልን ያ ድምፅ ነው። ባሕሩ ዳር በሚገኝ የዓሣ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ ነበር፤ አንድ ቀን በመስኮታችን አጠገብ ሲያልፍ «ይሄ ካውያ ዛሬ ሊገድለኝ ነው!» የሚል ጩኸት ሰማና ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያውጣዎት» አለ። እትዬ ብርቄ በድንጋጤ የአንድ ጀርመን ሸሚዝ አቃጠሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲፈታ እየመጣ ከክፍሉ ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ብዙ አይናገርም፤ እኛ ስንናገር ግን ያዳምጣል፤ ያኔ እንደዚያ የሚያዳምጥ ወንድ አላየሁም ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ፣ ግሪኮቹ ከኛ ሳምንት ቀድመው የፈቱትን ፍልሰታ እኛም ከፈታን በኋላ፣ የአሜሪካ ወረቀቱ መድረሱ ተነገረው። ሰኞ በመርከብ ወደ አቴንስ፣ ከዚያ ወደ ሲያትል ይሄዳል። ሐሙስ ዕለት መጥቶ መሬት መሬት እያየ፣ ከመሄዱ በፊት እጮኛዬ ናት ብሎ ሊያስመዘግበኝ እንደሚፈልግ፣ ያን ጊዜ ወረቀቴ ተከትሎት እንደሚመጣ፣ ካልፈለግሁ ግን እንደማይቀየመኝ ነገረኝ። መልሱን እሑድ እንድሰጠው፣ እሑድንም አንድ ቀን እንኳ እንደ ቱሪስት ደሴቷን ስንጎበኝ እንድንውል ጠየቀኝ። ቅዳሜ በእትዬ ብርቄ እጅ ብጣሽ ወረቀት ላከ፦ «እሑድ ሦስት ሰዓት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ።» ያን ቀን ካላገኘሁት በቃ ነበር። አድራሻ የለው፣ ስልክ የለው፤ አሜሪካ ደግሞ ትልቅ አገር ነው።

እሑድ ጠዋት ሥራ አልነበረኝም። ወደ ምድር ቤት ወርጄ ሰማያዊ ቀሚሴን ስተኩስ እትዬ ብርቄ ገቡ።

«ስንት ሰዓት ነው የቀጠረሽ?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ሦስት ሰዓትማ አለፈ! ሰዓቱ ተሰቅሎልሻል፤ በነሱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።»

«በነሱ ሦስት ሰዓት ነው እኮ፣ እትዬ ብርቄ። ከሰዓት በኋላ።»

ካውያውን ከእጄ ነጥቀው አስቀመጡት። «አንቺ ልጅ፣ የትኛው ያበሻ ልጅ ነው በአማርኛ ጽፎ በፈረንጅ ሰዓት የሚቀጥር? ልጁ እዚያ ይቀቀላል፣ አንቺ እዚህ ቀሚስ ትተኩሻለሽ! ሂጂ ውጪ!»

አራት ወር ሙሉ በአለቃችን ሰዓት ስነሳና ስተኛ ከርሜ፣ የሱን ሦስት ሰዓት በሆቴሉ ሦስት ሰዓት አነበብኩት። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፤ የተሳሳትኩት እውነት ተሳስቼ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቀሚሴን ለበስኩና በበሩ በመውጣት ፈንታ ደረጃውን ወደ ላይ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተረኛ የነበረችውን ግሪካዊት ልጅ ላግዝሽ አልኳት፤ ደስ አላት፤ ግማሹን ክፍል ለቀቀችልኝ።

ከሦስተኛው ፎቅ ሰገነት አውቶቡስ ማቆሚያው ወለል ብሎ ይታያል። ዘለቀ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከአንዲት ዛፍ ሥር አጭር ግንብ ላይ ተቀምጧል። አንድ አልጋ አነጥፍና ወጥቼ አየዋለሁ፤ ሌላ አነጥፍና ደግሞ አየዋለሁ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ይነሳል፤ ወደ ሆቴሉ ያያል፤ አውቶቡሱ ሲሄድ ይቀመጣል። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላውም ይዞራል፤ እሱም ከጥላው ጋር ግንቡ ላይ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ ይላል። ቀትር ላይ ጥላው አልቆ ግንዱን ተጠግቶ ቆመ። ያልወረድኩት ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ደግነቱ ራሱ አስፈራኝ። ከአገር ስወጣ ማንንም አላስፈቀድኩም፤ ያቺን በገዛ እግሬ ያመጣኋትን ትንሽ ነፃነት ለሌላ ሰው አሳልፌ የምሰጣት መሰለኝ። ከሄደ ይሂድ፣ እግዜር ቆረጠልኝ እላለሁ አልኩ። እየቆየሁ ግን፣ ሰባተኛውን ይሁን ስምንተኛውን አልጋ ሳነጥፍ፣ አውቶቡስ መጥቶ ዛፏን በከለላት ቁጥር ትንፋሼን እንደምይዝ ልብ አልኩ። ሲሄድ እሱ እዚያው ካለ እተነፍሳለሁ።

የሆቴሉ ሰዓት ሦስት ሲል ወረድኩ። ከግንቡ ተነስቶ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። «በፈረንጅ ሰዓት ነው እንዴ የመጣሽው?» ብሎ ሳቀ። ሰበቡን ራሱ አቀበለኝ፤ እኔም ተቀበልኩት። «አዎ፤ አንተ መቼ ገለጽክልኝ?» አልኩት፤ ኮስተር ብዬ ጭምር።

በአውቶቡሱ ውስጥ ያሰበውን ነገረኝ። ጠዋት ቢራቢሮ የሚሰፍርበትን ሸለቆ ልናይ ነበር፤ ዛፉ ሁሉ ቅጠል ሳይሆን ክንፍ የሚለብስበት፣ ድምፅ ማሰማት የማይፈቀድበት ቦታ ነው አለኝ። ቀትር ላይ የድሮ ፈረሰኞች የሠሩትን በግንብ የታጠረ ከተማ፣ በመጨረሻ ሊንዶስን። ጊዜው ለሊንዶስ ብቻ በቃን። ባሕሩን በግራችን አድርገን ተጓዝንና አንድ መታጠፊያ ስናልፍ ከተማዋ ብቅ አለች፤ ነጫጭ ቤቶች ኮረብታ ሥር ተኮልኩለው፣ ከአናታቸው ገደል፣ ከገደሉ ላይ አሮጌ ምሽግ፣ ከምሽጉ ውስጥ ሰማይ ላይ የቀሩ የጥንት ምሰሶዎች።

መግቢያው ላይ ቱሪስቶቹ አህያ ላይ እየተቀመጡ ወደ ላይ ይወጣሉ። ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ባለቀለም ኮርቻ ላይ ተኮፍሰው ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እኛ አገር አህያ ላይ እህል እንጂ ሰው አይጫንም። ባለ አህያው ዘለቀን በእጁ ጠራው። ዘለቀ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአማርኛ «አባቴ፣ እናቴ አህያ ላይ ሆኜ ብታየኝ ምን ትላለች?» አለው። ሰውየው የገባው ይመስል እየሳቀ አህያዋን መታ መታ አደረጋት። በእግራችን ወጣን፤ ስንደርስ ዘበኛው በሩን ቆልፏል። ዘለቀ የብረቱን በር ይዞ ምሰሶዎቹን ትንሽ አያቸውና «ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አለ።

በወዲያኛው በኩል ወረድን። እዚያ ዓለት ዙሪያውን ያቀፈው፣ በአንዲት ጠባብ አፍ ብቻ ከባሕር የሚገናኝ ጸጥ ያለ ውሃ አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስ በመርከብ የደረሰው እዚህ ነው ይላሉ። ዳሩ ላይ ከአንድ ክፍል የማትበልጥ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጫማችንን ደጃፏ ላይ አውልቀን ገባን፤ የነሱ ሰው ከነጫማው ነው የሚገባው። ተሳልመን ስንወጣ፣ ቁልፍ የምትጠብቀው ጥቁር ለባሽ አሮጊት ጫማችንን ከፀሐይ አንስታ ጥላ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣልን ቆማ ታየናለች፤ የምትለውን ባናውቅም ሁለታችንንም ግንባራችንን ነካካችን። ዘለቀ ዝቅ ብሎ ጫማውን ሲያስር መልሱን አልጠየቀኝም፤ ቀኑን ሙሉም አልጠየቀኝም ነበር። አንገቱ በፀሐይ ተለብልቦ አየሁና «አስመዝግበኝ» አልኩት። የትዳራችን ቃል ኪዳን ይቺው አንድ ቃል ናት። ቀና ሳይል «እሺ» አለና ያሰረውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ወረቀቴ ደረሰና ተከተልኩት። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ቤት ያዝን፣ ሊያን ወለድን፤ እሱ ሃያ ሰባት ዓመት በሲያትልና በቤልቪው መሃል የከተማ አውቶቡስ ነዳ። ሰው ሲሮጥ ካየ በሩን ከፍቶ ይጠብቅ ስለነበር አለቆቹ ይቆጡት ነበር። ወደ ደሴቷ እንመለሳለን ሳንል የከረምንበት ዓመት የለም፤ አንዱን ዓመት ሥራው፣ አንዱን ልጅ፣ አንዱን የኔ ጉልበት በላው። በየክርስትናውና በየሠርጉ ግን የሮድስን ታሪክ ያወራል። «ስድስት ሰዓት ሙሉ! እሷ እቴ፣ በፈረንጅ ሰዓት!» ይልና ሰዉ ሲስቅ ወደኔ ዞሮ «አይደል?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ይዞራል፤ ሁልጊዜ አዎ እላለሁ።

ባለፈው መስከረም አልጋውን ሳሎን ዘርግተንለት ነበር። ሊያ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እኔ ወጥ ቤት ሾርባ አማስላለሁ።

«ሶ ዳዲ፣ ሲክስ አወርስ! ለምን ጥለሃት አልሄድክም?»

ትንፋሹ እያጠረ «ወዴት እሄዳለሁ?» አላት። «ትታየኝ ነበር እኮ።»

«ማን?»

«እናትሽ። ከላይ ሆና። እያሰበች ነው፣ ታስብ ብዬ ተውኳት።»

ሊያ ወደኔ መጥታ በሹክሹክታ «መድኃኒቱ ኮንፊውዝ አድርጎታል» አለችኝ። ይሆናል አልኳት። ማንኪያውን አልለቀቅሁም። እሷ ስትሄድ ገብቼ እጠይቀዋለሁ፣ እኔም እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እሷ ስትሄድ ነርሷ መጣች፤ ነርሷ ስትወጣ እሱ ተኛ፤ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁት መጥተው ቤቱ ሞላ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ለአርባ ዓመት ያህል ምስክርነቴን የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ «አይደል?» ሰዉ እየሳቀ እያለ በቀስታ የተከፈተልኝ በር ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ አላውቅም፤ አንድም ጊዜ አልገባሁበትም። እሱም ለምን አልገባሽም ብሎ አያውቅም። እንደዚያ የሚጠብቅ ሰው ከእንግዲህ የለኝም። ያቺን ሰገነት ላይ የቆመች ፈሪ ልጅ አይቶ፣ አውቆ፣ ያገባት ሰውም ከእንግዲህ የለም።

በአርባው ዕለት፣ ከጸሎት በኋላ በአዳራሹ ሰው ምግብ ሲበላ፣ ሊያ ታሪኩን በአባቷ አነጋገር ተረከችው። ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ። እሷም እንደሱ ዞር ብላ «አይደል፣ ማሚ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ለሱ መንገር የነበረብኝን ለሌላ ሰው ብነግረው ወሬ ከመሆን አያልፍም።

ይህን በአማርኛ የጻፍኩትም ለዚያ ነው። ሊያ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። በቤታችን ውስጥ እኔ የምጽፈውን የሚያነብ እሱ ነበር።