ከደረጃው ሥር የተተረጎመ ምዕራፍ

በሕንፃችን «አራተኛ» የምንላት ጎረቤታችን ስሟ ጠፍቶብን አይደለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ስትተረጉም ስለምትውል ነው። ለብዙ ዓመታት የተረጎመችው የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የመሰላል መመሪያ ነበር። ዘንድሮ ግን ከአንድ አሳታሚ ልብ ወለድ መጣላት። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለሙከራ ይሥሩት፤ ካማረ መጽሐፉ የእርስዎ ነው» አላት አርታኢው። መጽሐፍ መተርጎም የዕድሜ ልክ ምኞቷ ነበርና ምግብ እንኳ አልዋጥልሽ አላት።

አሠራሯን ላስረዳ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። እኛ «ወጣ» ብለን እንገላገላለን፦ ዛፍ ላይም ወጣ፣ ደረጃም ወጣ፣ ጨረቃም ወጣች። እንግሊዝኛውም «ክላይም» ካለ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ጀርመንኛ ግን ጠያቂ ነው። በእግር ብቻ ነው ወይስ እጅም ያግዛል? በእግር ከሆነ «ሽታይገን»፣ እጅ ከገባበት «ክሌተርን»። የሚያየውስ ሰው የት ነው ያለው? ታች ሆኖ የሚሸኝ ከሆነ «ሂናውፍ»፣ ላይ ሆኖ የሚቀበል ከሆነ «ሄራውፍ»። ስለዚህ አራተኛ አንዲት ግስ ከመጻፏ በፊት ነገሩን በዓይኗ ማየት አለባት። እንቅስቃሴውን የምታሠራው ደግሞ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ባሏን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ወንበሩ ላይ ውጣልኝ።»

«እየተደገፍኩ ወይስ እንደ ጎረምሳ ዘልዬ?»

«እንደ ደከመው ሰው።»

«እሱንማ ሳልለማመድም እችለዋለሁ!»

ልብ ወለዱ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የባሕር መብራት ማማ ስለምትጠብቅ አንዲት ሴት ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ከማማው ሥር ተቀምጣለች፤ መብራቱን ለማብራት በየምሽቱ ደረጃውን የምትወጣው ልጇ ናት። ጎረቤታችን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጨርሳ ላከች። አርታኢው ደወለ።

«እናትየዋ ያለችው ታች ነው አይደል?»

«አዎ፣ ታች።»

«ታዲያ ልጅቷ ለምን በ«ሄራውፍ» ወደ እኔ እየመጣች ትወጣለች? ሳነበው ማማው ጫፍ ላይ ቆሜ የምቀበላት መሰለኝ። እስከ ሰኞ ያስተካክሉት፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።»

ክው አለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ለኖረ ሰው፣ ደረጃ የሚወጣ ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚመጣው፦ ባልም፣ ልጅም፣ ቆጣሪ አንባቢም። እኔን የገረመኝ ደግሞ አንዷን ቃል በሌላዋ መለወጥ ብቻውን አለመብቃቱ ነው። እንግሊዝኛው «ኮቴ ተሰማ» ብሎ ባለፈበት ቦታ ሁሉ፣ እሷ እየቀረበ የሚመጣ ኮቴ ጽፋ ነበር።

በማግስቱ በርጩማዋንና ላፕቶፗን ይዛ ወረደችና ከደረጃው ሥር፣ ከፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ተቀመጠች።

«አራተኛ፣ ከቤት ተባረርሽ እንዴ?» አለች የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ።

«ኧረ እኔ ነኝ የተባረርኩት!» አለ ባልየው፣ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥሎ ሽቅብ እየሄደ።

አራተኛ አየችው። መጀመሪያ ጀርባው፣ ከዚያ የጫማው ሶል፣ ከዚያ መደገፊያው ላይ እጁ ብቻ። ከዚያ ኮቴው፣ እየሳሳ እየሳሳ። በር ተዘጋ። ያን ሁሉ ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ በዚያ ደረጃ ሲመጣላት እንጂ ሲሄድባት አይታው አታውቅም። ላፕቶፗን ከፍታ መጻፍ ጀመረች። አንድ አንቀጽ እንደጨረሰች አንጋጣ ተጣራች።

«ውረድና ድገመው!»

«ሽንኩርቱን ይዤ ነው ወይስ ባዶ እጄን?»

ሰኞ አርታኢው ሲደውል እዚያው በርጩማዋ ላይ ነበረች። «ልጅቷ ስትወጣ እኔም ታች ቀረሁ» አላት። «መጽሐፉ የእርስዎ ነው።»

ደረጃው እስኪያስተጋባ ሳቀች። ባሏ ሮጦ ወርዶ አቅፏት ሳይጠግብ፣ እሷ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ከፍታ ታነብ ጀመር።

«እዚህ ጋ» አለች ቀና ብላ፣ «እናትየዋ መብራቱን ካላየሁ ስትል፣ ልጅቷ አዝላ ታወጣታለች።»

ባልየው አንዴ ደረጃውን፣ አንዴ እሷን አየ።

«ወፈር ያለች ናት እናትየዋ?»

«እኔን ታክላለች።»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ።