የሟርተኛው ማልያ

ሟርተኛ ሲባል ግንባሩ የተቋጠረ፣ አፉ የሚያስፈራ ሰው ይመስላችሁ ይሆናል። የዚህ ከተማ ሟርተኛ ግን ዝንብ እንኳ ክንዱ ላይ ስታርፍ ይቅርታ ሊጠይቃት የሚቃጣው ልብስ ሰፊ ነው። ጋሽ መርፌ ይሉታል። ሱቁ ዳቦ ቤቱና ጸጉር ቤቱ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ደንበኛ ሲገባ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ካልሳበ በሩ አይዘጋም። ዚፓቸው የከዳ ሱሪዎች፣ ቁልፋቸው የወለቀ ኮቶች፣ ባለቤታቸው "ነገ እወስደዋለሁ" ብላ የረሳቻቸው ቀሚሶች ዙሪያውን ተሰቅለዋል። መሀል ላይ መርገጫዋ የሚንቋቋ አሮጌ የስፌት መኪና አለች። ሰውየው ከሚስቱ ቀጥሎ የሚፈራው እሷን ነው።

ከተማው ድሮ የወንዶች እግር ኳስ ቡድንም ነበረው። ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደና ከዚያ በታች የሚወርድበት ሲያጣ በተኑት። የቀረው የሴቶቹ ቡድን ነው፤ እሱ ደግሞ ይበቃል፣ ይተርፋል። ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ደጋፊው ሁሉ ነጭ ማልያውን በብብቱ ይዞ ወደ ጋሽ መርፌ ሱቅ ይጎርፋል።

"ዘንድሮስ የምትጠብቀው ማንን ነው?" ይላል ጋሽ መርፌ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ።

ደጋፊው በጣም የሚጠብቃትን ተጫዋች ቁጥር ይነግረዋል፤ እሱም ከቀይ ጨርቅ ቆርጦ ጀርባው ላይ ይሰፋለታል። በማሽን የሚታተም ቁጥር ጠፍቶ አይደለም። የታተመው ሁለቴ ሲታጠብ ይላጣል፤ የጋሽ መርፌ ስፌት ግን ማልያው አልቆ ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል። ታዲያ በዚያ ሳምንት ሱቁ ውስጥ ያለው ክርክር ጆሮ ያደነቁራል። ጸጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ጭንቅላት ግማሹን ላጭቶ፣ ግማሹን ትቶ ይመጣና "አሥር ቁጥሯ ዘንድሮ ጉድ ታፈላለች!" ብሎ ይሟገታል። ደንበኛውም ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተከትሎት መጥቶ ይከራከራል እንጂ "ጨርሰኝ" አይልም።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ጋሽ መርፌ የራሱን ማልያ ይሰፋል። መከራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዓመት የቀኝ ክንፏን ቁጥር ሰፋ። በመጀመሪያው ጨዋታ ጉልበቷ ተጠመዘዘ። "ያጋጥማል" ተባለ። በዓመቱ የአጥቂዋን ሰፋ፤ ልጅቷ ለባላንጣው ቡድን ፈርማ ሄደች። አሁንም "ያጋጥማል" ተባለ፣ ድምፁ ግን ቀነስ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የበረኛዋን ቁጥር ሲሰፋ በረኛዋን ጆሮ ደግፍ ያዛት! ያን የሚያህል ቁመት ያላት ሴት፣ ሁለት ጉንጯ አብጦ፣ በሻርፕ ተጠቅልላ ቤቷ ተቀመጠች፤ ቡድኑም በየሳምንቱ እየተገረፈ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ "ያጋጥማል" የሚል ጠፋ። ሟርተኛ ተባለ፣ አለቀ።

ዘንድሮ ደግሞ ጉዱ ቤቱ ድረስ መጣ። ገና ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የገባችው የደጋፊዎቹ መሪ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። እትዬ ጡሩምባ የሚሏት ስትጮኽ ዳኛው ፊሽካውን ስለሚጠራጠር ነው።

"ማንን ነው የምትጠብቂው?" አላት።

"ይኼም ይጠየቃል? ያንተዋን ነዋ! አሥራ ሰባት!"

ጸጉር አስተካካዩም አሥራ ሰባት አለ። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨው ደንበኛም አሥራ ሰባት አለ። አሥራ ሰባት ቁጥር የጋሽ መርፌ አንድያ ልጁ ናት፤ ኳስ ከእግሯ አልላቀቅ ስለሚል ሙጫ ይሏታል። ዘንድሮ ከታዳጊዎቹ ወደ ዋናው ቡድን አድጋለች፤ ከተማው ከሷ ሌላ ወሬ የለውም። አባትየው አንድና ሰባት ሲቆርጥ፣ አንድና ሰባት ሲሰፋ ሰነበተ። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ማንም ሳያየው እያንዳንዱን ሰባት በድርብ ክር ይሰፋው ነበር።

ሥራው ሲገባደድ ግን እትዬ ጡሩምባ አራት ደጋፊዎች አስከትላ ተመልሳ መጣች። ለእርቅ የተላኩ ሽማግሌዎች ይመስል እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

"ጋሽ መርፌ፣ አፈር ስሆንልህ" አለች፣ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ ጸጉር ቤቱ ድረስ ይሰማል። "የልጅህን ቁጥር እንዳትለብስ። እንደምትወዳት እናውቃለን። እኛም እንወዳታለን። ስለምንወዳት ነው።"

"ምን ቆርጦኝ እለብሳለሁ?" አለ እሱ። "የተጠባባቂዋን በረኛ እለብሳለሁ። እሷ መቼም አትገባም፣ ማንም አይጎዳም።"

ወሬ ክንፍ አለው። ከሰዓት በኋላ ተጠባባቂዋ በረኛ ራሷ እያለከለከች ደረሰች። "ጋሼ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ እኔን ይተዉኝ! ገና አሁን ነው ወገቤን የተሻለኝ!" ዐይኗ እንባ አቅርሮ ስታየው አንጀቱን በላችው። እሺ አላት። ስለዚህ ዘንድሮ ጀርባውን ባዶ አድርጎ ሊሄድ ወሰነ፤ በዚህም ሁሉም ደስ አላቸው።

ከአንዷ በስተቀር። ማታ ሙጫ ከልምምድ ተመልሳ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች "አባዬ፣ ያንተን ማልያ አሳየኛ!" አለችው። ነጩን ማልያ አነሳው። ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው።

"ቁጥሩስ?"

ነገሩን አስረዳት። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ እሱ እንደማይስቅ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"አባዬ፣ የቀኝ ክንፏ ጉልበት የተጠመዘዘው ሜዳው ጉድጓድ ስላለበት ነው። አጥቂዋ የሄደችው ፍቅር ይዟት ነው። በረኛዋ ደግሞ ጆሮ ደግፍ የያዛት ከልጇ ተጋብቶባት ነው! አንተ የት ነበርክ?"

"ይሁን የኔ እናት። ልክ ነሽ። ግን ቢሆንስ?"

"እና አገር ምድሩ ቁጥሬን ለብሶ ሲመጣ የእኔ አባት ጀርባው ባዶ ይምጣ? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? አባቴ ይወደኛል፣ ግን በሩቁ ነው ልበል?"

እሱ ማልያውን ማጣጠፍ ጀመረ። እሷም መልሱን አልጠበቀችም። በማግስቱ ጠዋት ፊት ለፊት ሲገናኙ "እንደምን አደሩ?" አለችው። አደሩ! አፏን ከፈታች ጀምሮ "አንተ አባዬ" የምትለው ልጅ ግብር ሊሰበስብ የመጣ ባለሥልጣን አስመሰለችው። "ጨው ያቀብሉኝ"፣ "ደህና ይዋሉ"፣ "እንዳይቸገሩ"። ሰደበችው ቢባል እኮ ይሻል ነበር። ጋሽ መርፌ የሰው ሱሪ ሊያሳጥር ተቀምጦ አንዱን እግር ሁለቴ አሳጠረው።

"አንተ ሰው" አለችው ሚስቱ፣ የተበላሸውን ሱሪ ከእጁ ነጥቃ። "ሟርቱን ተወውና እኔን ስማኝ። ልጅቷ እግሬ ይሰበራል ብላ አይደለም የምትብሰከሰከው። አባቴ አያምንብኝም ብላ ነው።"

"እንዴ! ከእኔ በላይ ማን ያምንባታል?"

"እሱን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት እንጂ።"

ጋሽ መርፌ አሰበ፣ አሰበ፣ የልብስ ሰፊ መላ መጣለት። በሙያው ክፉ ክፉው ወደ ውስጥ ነው፤ ቋጠሮው፣ የተቆራረጠው ጠርዝ፣ ትርፉ ክር ሁሉ ከውስጥ ተደብቆ ከውጭ የሚታየው እንከን የሌለበት ንጹሕ ልብስ ነው። ሟርትም ዐይን ቢኖረው የሚያየው ከውጭ ነዋ! ማልያውን ገልብጦ፣ አሥራ ሰባት ቁጥርን ከውስጥ በኩል፣ ገላው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ በነጭ ክር ሰፋው። ከውጭ ሲያዩት ባዶ ጀርባ ነው። ጨዋታው በሰላም ያልቅና "ነይ እስቲ፣ ይኼን እዪ" ብሎ ገልጦ ያሳያታል፤ እሷም ታቅፈዋለች፤ ሟርቱም ሳያውቅ ያልፋል። በራሱ ብልሃት እየተደነቀ ፈገግ ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ ነበር። ደጋፊው የድንጋዩን ደረጃ ሞልቶ፣ ጀርባው ሁሉ አሥራ ሰባት ሆኖ ተቀመጠ። እትዬ ጡሩምባ ባዶውን የጋሽ መርፌን ጀርባ አይታ፣ ለማረጋገጥ ደግሞ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ "ተባረክ!" አለችው። የሰፋው እንዳይጎረብጣት እሱ ትንፋሹን ዋጠ። ሙጫ ሜዳ ስትገባ ወደ ደረጃው ቀና ብላ አባቷን ፈለገችው። አየችው። ወዲያው ዞረች።

ከእረፍት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ጋሽ መርፌ ጃንጥላውን ለሚስቱ ሰጥቶ ስለነበር ዝናቡ እሱ ላይ ወረደ። ነጭ ማልያ ሲርስ ምን እንደሚሆን ልብስ ሰፊ ቀርቶ ልብስ ለባሽ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን በብልሃቱ ስለሰከረ ረስቶታል። ማልያው ገላው ላይ ተለጠፈ። ቀዩ ቁጥር ጀርባው ላይ ቀስ እያለ፣ ተገልብጦ ብቅ አለ።

"ኡኡ! ለብሷታል!" ብላ እትዬ ጡሩምባ ጮኸች። "በውስጥ ለብሷታል! ሸፍኑት!"

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ጃኬቱን ወረወረበት። ሌላው ጀርባው ላይ ተኛበት። ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ጃንጥላውን እንደ ጋሻ ደቀነበት። ጋሽ መርፌ ከታች ሆኖ "ኧረ ትንፋሽ አጠረኝ!" ይላል፤ ሚስቱ ባገኘችው ሰው ላይ ሁሉ ቦርሳዋን ታሳርፋለች። አሳዳጅና ተሳዳጅ የማይለይበት ትርምስ ሆነ።

ልክ በዚያ ሰዓት ቡድኑ የማዕዘን ምት አገኘ። የምትመታው ሙጫ ናት፤ ማዕዘኑም እነሱ ከተቀመጡበት ሥር ነው። ኳሱን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል ጩኸቱን ሰምታ ቀና አለች፤ አባቷ የሰው ክምር ሥር ነው። ኳሱን ትታ ወደ አጥሩ ሮጠች።

"አባቴን ምን አድርጋችሁት ነው? ተነሱለት!"

"ቁጥርሽን ለብሶብሽ ነው እንጂ!" አለች እትዬ ጡሩምባ፣ እያለቀሰች። "ወደ ውስጥ ሰፍቶት! አታሎን! አለቀልሽ ልጄ!"

ክምሩ ተነሳ። ጋሽ መርፌ ጸጉሩ ተንጨፍርሮ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ልጁ ጀርባውን እንዲያዞር በእጇ ምልክት ሰጠችው። ዞረ። በረጠበው ጨርቅ ውስጥ የተገለበጠውን አሥራ ሰባት አየችው። ዳኛው "ምቺ እንጂ!" እያለ ፊሽካውን ይነፋል።

"አባዬ" አለችው፣ "ገልብጠህ ልበሰው።"

"ልጄ፣ እግርሽ..."

"እግሩ የእኔ ነው። ገልብጠው።"

በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ዕድሜውን ሙሉ ትርፍ ክር ለሰው ዐይን አሳይቶ የማያውቀው ልብስ ሰፊ ማልያውን አወለቀ። ቦርጩ ታየ። ሚስቱ ፊቷን ሸፈነች። ገልብጦ ለበሰው፤ ቋጠሮው፣ ጠርዙ፣ የተንጠለጠለው ክር ሁሉ ወደ ውጭ ሆነ፤ ከጀርባው ላይ ቀዩ አሥራ ሰባት ቀጥ ብሎ ተነበበ። ደጋፊው ዐይኑን ጨፈነ። ሙጫ ወደ ማዕዘኑ ተመልሳ መታችው፤ የዘንድሮዋ አጥቂ በጭንቅላቷ ገጭታ አገባችው።

ጎል ሲገባ ሰው ምን ያህል እምነቱን እንደሚለውጥ ማየት ነበር! አሁን ጀርባውን ሊሸፍኑት የነበሩት ጀርባውን ይስሙት ጀመር። እትዬ ጡሩምባ "ድሮም ብያለሁ፣ እጁ በረከት አለው!" አለች፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሙጫ ሁለት ሴቶች አልፋ ሦስተኛዋ ከእግሯ ሥር ገባችባት። ወደቀች። አልተነሳችም። ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ስትንፈራገጥ ሁሉም ዞሮ አባትየውን አየው። ዐይናቸው ከስድብ ባሰበት። በቃሬዛ አንስተው በአጥሩ በኩል ሲያመጧት ጋሽ መርፌ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። በእንባም በዝናብም ፊቱ ርሶ፣ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኳት!" እያለ አንድ እጁን ከእጅጌው መዥርጦ አወጣ፤ ማልያውን በአንገቱ ሊያወልቅ ሳበው።

"አባዬ!"

ቆመ። ጭንቅላቱ ማልያው ውስጥ እንደተሰነቀረ፣ በጨርቁ ውስጥ ሆኖ አደመጣት። ፊቷ በሕመም ተጨማዷል፤ ጥርሷን ነክሳለች፤ ግን እጇን ከቃሬዛው ላይ ዘርግታ የማልያውን ጫፍ ያዘች።

"ወለምታ ነው። ሐኪሙ አይቶታል፣ ወለምታ ነው። እንዳታወልቀው። ካወለቅኸው ያኔ ነው የሚያመኝ።"

ጋሽ መርፌ እጁን ወደ እጅጌው መልሶ አስገባ። ቃሬዛውን በአንድ ጎን ያዘና ከተሸካሚዎቹ ጋር አብሮ እየሮጠ ከሜዳው ወጣ።