ጋሼ ሀንዲሶ ከአልጋ የወረዱ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ኦፕራሲዮን በሆንኩ ማግስት አንዲት ፊዚዮቴራፒስት መጥታ «ሲስተር፣ ዛሬ ከአልጋ እንወርዳለን» አለችኝ። ደነገጥኩ። ሰው ከአልጋ ሳወርድ የኖርኩት እኔ ነርሷ ብርድ ልብሱን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። ያኔ ነው ጋሼ ሀንዲሶ ትዝ ያሉኝ።

ሆሳዕና ውስጥ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ስጀምር ገና ልጅ እግር ነበርኩ። አንድ ቦታ መቆም አልችልም፤ ባልደረቦቼ «አንቺ እየሄድሽ ነው የምትተኚው» ይሉኝ ነበር። ክረምቱ ከባድ ነበር። ከአጠገባችን ካለው ከሌሞ ወረዳ የሚመጡ ቤተሰቦች ጋሪያቸውን ከጭቃ እያወጡ ይደርሳሉ፤ ግቢው እርጥብ ጋቢ፣ እርጥብ ፈረስና የአተካና ቅቤ ይሸታል። አተካናን፣ ያንን የቡላና የወተት ምግብ፣ ታማሚው መዋጥ ባይችልም ያመጡለታል። ባዶ እጅ መምጣት አይሆንላቸውም።

ጋሼ ሀንዲሶ የሌሞ ገበሬ ነበሩ። ሳንባቸው ታሞ በመተንፈሻ ማሽን ሰንብተው ገና መላቀቃቸው ነው። ጭናቸው ሟሽሾ የእኔን ክንድ አክሏል። ፊዚዮቴራፒስቱ ማርቆስ «ወንበር ላይ እናስቀምጣቸው፤ በተኙ ቁጥር ጉልበታቸው እያለቀ ነው» አለኝ። ፈራሁ። ቢወድቁስ? ትንፋሽ ቢያጥራቸውስ? እሱ ግን የደም ግፊታቸውን ለካ፣ የኦክስጅኑን ቱቦ አስረዘመና ወንበሩን አስጠጋ። «ኦክስጅናቸው ከወረደ እንመልሳቸዋለን፤ በቃ» አለ። ቀስ ብለን አወረድናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበን በመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥናቸው።

ያላሰብነው የቤተሰቡን ዓይን ነው። በእኛ አገር ጽኑ ታማሚ ከአልጋው ተነሥቶ ጋቢ ከለበሰ ሐኪም ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው፤ ቤቱ ሄዶ ይሙት ተብሎ ነው የሚነሣው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለች ከግቢው ሆነው አዩዋቸው።

«ወየው! ቤት ውሰዱት ሊሉን ነው!» ብለው ጮኹ። ዘመድ ሁሉ አብሮ አለቀሰ። አንዱ ፈረሱን ጋሪው ላይ ይጠምድ ጀመር።

ጋሼ ሀንዲሶ የራሳቸውን ለቅሶ ሰሙ። የኦክስጅን ማስኩን ገፋ አድርገው «ሳልሞት ማን ነው የሚያለቅስብኝ? አቁሙኝ!» አሉ። ወዲያው ሞኒተሩ ጮኸ፤ ኦክስጅናቸው ወርዶ ነበር።

«እናንሳቸው፣ ይዩዋቸው!» አልኩ እጄን ብብታቸው ሥር ከትቼ።

ማርቆስ ማስኩን መለሰላቸው። «ሲስተር፣ ጠብቂ። ጋሼ፣ አየር በደንብ ይሳቡ።»

መጠበቁ አንገበገበኝ። ወጥቼ እንዳልነግራቸው ሁለታችንም እሳቸውን ደግፈናል። እግሬ ወለሉን ይመታል፤ ዓይኔ ከሞኒተሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል። ውጭ ለቅሶው እየጋለ፣ እንደ እኔ ቢሆን ኖሮ በዚያች ቅጽበት አንስቻቸው ነበር። ቁጥሩ ቀስ እያለ ተመለሰ። ያኔ ግራና ቀኝ ይዘን አቆምናቸው። የመስኮቱን ጠርዝ ጨበጡና በሻከረ ድምፅ በሀዲይኛ «ፈረሱን ፍቱት! የትም አልሄድም!» አሉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ወይዘሮ ታደለች ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው ጌታን አመሰገኑ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን አስነሣሁ። ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ታማሚውን ከአደጋ የሚጠብቀው ያ የሚያንገበግብ ትዕግሥት እንደሆነ ያን ቀን ተምሬያለሁ። ያልተማርኩት ግን ከአልጋ ጫፍ ሆኖ ሲታይ ወለሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅ የደም ግፊቴን ለክታ፣ ማዞሩ እስኪተወኝ ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። እህቴ አተካና ይዛ በሩ ላይ ደረሰች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስታየኝ ዓይኗ በእንባ ሞላ።

«አታልቅሺ፣ የትም አልሄድም» አልኳትና እግሬን ወደ ወለሉ ሰደድኩ።