የሚስተር ሩፈስ የአሳማ ጉንጭ

የውብዳር ዶሮ ስታጥብ ያላየ ሰው ንጽሕናን በወሬ ነው የሚያውቃት። ቆዳውን ትገፋለች፣ ጮማውን አንድ ሳታስቀር ትለቅማለች፣ በሎሚና በጨው እያሸች ዐሥራ ሁለት ውሃ ትለውጣለች። አሜሪካ ውስጥ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ያሉ ሐበሾች ድግስ ሲኖራቸው ዶሮውን ለእሷ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ይህ አስቀድሞ መነገሩ፣ ያጠፋችው ጥፋት ከስንፍና እንዳልመጣ እንዲታወቅላት ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ዲቪ ደርሷት መጣች። ዓመት ሳይሞላት ሽማግሌ የማስታመም ሥራ አገኘች። የምታስታምማቸው ሚስተር ሩፈስ ከሚሲሲፒ የመጡ የሰማንያ ሦስት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም። ስሟ ከብዷቸው «ሚስ ዩቢ» ይሏታል። እሷ ደግሞ እንግሊዝኛው አንቱታ ባይኖረውም በልቧ አንቱ ትላቸዋለች።

በዘጠና ሰባት መጨረሻ ሚስተር ሩፈስ ምግብ እንቢ አሉ። ሾርባ ብትሰጣቸው፣ ዶሮ ብትቀቅልላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እየመጣች የምታያቸው ነርስ ሚዛን ላይ አቁማቸው ራሷን ነቀነቀች።

«የአዲስ ዓመት ማግስት ዓርብ እመጣለሁ። ከዚህ ከቀነሱ ነርሲንግ ሆም እናስገባቸዋለን» አለች።

ሚስተር ሩፈስ ሰምተዋል። አርባ ዓመት ከኖሩበት ቤት መውጣት ለእሳቸው ሞት ነው። ነርሷ ስትወጣ የውብዳር አጠገባቸው ተቀምጣ፣ «ምን ባመጣልዎት ይበላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «የአሳማ ጉንጭ» አሉ። «የታጨሰውን። እናቴ በአዲስ ዓመት ቀን ዓይኑ ጥቁር ከሆነው ነጭ ባቄላ ጋር ትቀቅልልን ነበር። ያን የበላ ዓመቱን ይዘልቃል ይባላል፣ በእኛ አገር።»

አሁን የውብዳርን አስቧት። የነቢያት ጾም ላይ ናት። ቅቤ እንኳ በአፏ አይዞርም። እናቷ ቤት አሳማ ስሙ ከተጠራ «ከፊትህ ይራቅ» ተብሎ ይማተባል። ግን ሰውየው አንጀቷን በሉት። እሺ አለች።

ሱፐርማርኬቶቹ የጎኑንና የእግሩን ሥጋ ደርድረዋል፣ ሻጮቹን ጉንጭ ስትላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ኢንተርናሽናል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የእስያ ሱቅ ገባች። ሙሉ ጭንቅላት ዓይኑን አፍጥጦ ቢጠብቃት ዘላ ወጣች። በማግስቱ ጨክና ተመልሳ ጉንጩን አስቆርጣ ወሰደች። ሚስተር ሩፈስ አሽትተው፣ «ጭስ የለውም፣ ይሄ አይደለም» አሉ። ሌላ አራት ቦታ ዞረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በመጨረሻ ታክሲ የሚነዳውን የወሎውን ልጅ ዓብዱልወሃብን ኮል አደረገችው። የማያውቀው ሰፈር የለም።

«እትዬ የውብዳር፣ ጾም ላይ አይደለሽም እንዴ? ምን ነካሽ?» አላት።

«ለእኔ አይደለም። ለታማሚ ሰው ነው።»

«ሶ፣ ዋናው ኒያው ነው፣ የልብ ሐሳቡ። እጠይቅልሻለሁ። ግን ከኋላ ትራንክ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ ኦኬ?» አለ።

ተሳፋሪ ሲጠይቅ ሰንብቶ፣ ከሬንተን ወዲያ ሥጋ የሚያጨስ አንድ ሽማግሌ አገኘላት። አዲስ ዓመት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ወሰዳት። ሽማግሌው የመጨረሻውን ጉንጭ ከመንጠቆ አወረደ፤ ቡናማ፣ ወዛም፣ ከነቆዳው።

«ምንም አታድርጊው። ቆራርጠሽ ከባቄላው ጋር ጨምሪው፣ በቃ» አላት።

ኦኬ አለች። በልቧ ግን ፈረንጅ መቼ ሥጋ አጥቦ ያውቃል አለች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሚስተር ሩፈስ ጉንጩ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገልጠው አፍንጫቸውን ቀበሩበት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይሄ ነው፣ ሚስ ዩቢ» አሉ። ስለ እናታቸው፣ ስለ ጭስ ቤታቸው፣ ቆዳውን ለመሻማት ይጣሉ ስለነበሩ ወንድሞቻቸው ሲያወሩ አመሹ። እንዲህ ሲያወሩ ሰምታቸው አታውቅም። ደስ ብሏት ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ገብታ ሁለት ጓንት ደርባ አጠለቀች። ለምታከብረው ሰው የምታደርገውን ሁሉ አደረገች። ቆዳውን ገፈፈች። ጮማውን ለቀመች፤ ጮማው ግን ሲለቀም አያልቅም። የተረፈውን በሎሚና በጨው አሽታ፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማ አጠበች። የጭሱ ሽታ ሲጠፋ አሁን ገና ንጹሕ ሆነ አለች። ቆዳውንና ጮማውን በፌስታል አድርጋ፣ ርኩስ ነገር ነውና በረኪና አፍስሳበት ውጭ ቆሻሻ መጣያ ከተተችው። መዳፍ የማትሞላ ነጭ ሥጋ ቀረች። ከባቄላው ጋር ቀቀለቻት። አልቀመሰችም። ጿሚ ሴት ሳትቀምስ በግምት መሥራት ለምዳለች።

ሚስተር ሩፈስ ተደግፈው ተቀመጡ። መጀመሪያ ጸለዩ። አንድ ማንኪያ ጎርሰው አላመጡ፤ አንድ የሚመጣ ነገር እንደሚጠብቁ ሁሉ ቆዩ። ሁለተኛ ጎረሱ። ከዚያ ሳህኑን በማንኪያው ያገላብጡ ጀመር።

«ጉንጩ የታለ?»

«ይኸው ነው።»

«ቆዳውስ? ጮማውስ?»

«አጸዳሁልዎት» አለች፣ ፈገግ ብላ።

ማንኪያቸው ሳህኑ ላይ ቆመ። ያኔ ነው ፈገግታዋ ፊቷ ላይ የደረቀው። እጃቸውን እጇ ላይ አሳርፈው፣ «ብዙ ደከምሽልኝ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉ። ማንኪያውን አስቀመጡ። «ጠግቤያለሁ።»

ጨው ጨመረች፣ ቅቤ ጨመረች፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓብዱልወሃብን ኮል አደረገች፤ የአጫሹ ሱቅ እስከ ሰኞ ዝግ ነው አላት። ነርሷ ነገ ናት። ወጥታ የቆሻሻውን ክዳን ከፈተች። የበረኪናው ሽታ ዓይኗን ቢያቃጥላት መልሳ ከደነች።

ወጥ ቤት ገብታ ቆመች። ልታለቅስ ፈለገች፣ አልመጣላትም። ጓንቷን አወለቀች። ከድስቱ አንዲት ቁራጭ በማንኪያ አወጣች፣ አማተበችና ጎረሰች። ምን እንደጎደለው ካወቀች በሌላ ነገር የምትሞላው መስሏት ነበር። ቀስ ብላ አላመጠች። የውሃ ጣዕም አለው፣ ትንሽም የሎሚ። የጎደለውን ግን ከነጭራሹ ቀምሳው ስለማታውቅ ልታገኘው አልቻለችም። አሁንም ደግማ ጎረሰች።